ሰው ሠራሽ የሽንት መቋጠሪያ፤ ታሪኩና በሐኪም ላይ የሚጥለው አደራ

ሽንትን መቋጠርና በፈቃድ መልቀቅ ሰው በሕፃንነቱ ከሚማራቸው፣ ከተማራቸውም በኋላ ዳግመኛ ከማያስባቸው ችሎታዎች አንዱ ነው። ይህ ችሎታ በበሽታ፣ በወሊድ ጉዳት ወይም በቀዶ ሕክምና ምክንያት የጠፋበት ሰው ግን ስለ ሌላ ነገር ለማሰብ ፋታ አያገኝም። ከቤቱ ሲወጣ መንገዱን የሚመርጠው መጸዳጃ በሚገኝበት አቅጣጫ ነው፤ በሠርግም ሆነ በለቅሶ፣ በቤተ ክርስቲያንም ሆነ በመስጊድ ከሰው ራቅ ብሎ መቆምን ይለምዳል፤ ውኃ መጠጣትን ይፈራል፤ ቀስ በቀስም ከቤቱ መውጣቱን ይተዋል። ሕመሙ በራሱ የሚገድል አይደለም፤ ዳሩ ግን ሰውን በሕይወት ሳለ ከሰው ይለየዋል። የቀዶ ሕክምና ሊቃውንት ለዚህ ችግር መፍትሔ ሲሹ የኖሩትም ከዚህ የተነሣ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ለዚሁ ጉዳይ በሰው ገላ ውስጥ የተተከሉትን መሣሪያዎች ሁሉ በዝርዝር መደርደር አይደለም። ከብዙዎቹ ሁለቱን፣ ማለትም በፈሳሽ ግፊት የሚሠራውን ሰው ሠራሽ መቋጠሪያና ለሴቶች የሚሠራውን የመረብ መቀነት መርጦ ታሪካቸውን ጎን ለጎን ማቅረብ ነው። ሁለቱ መሣሪያዎች በመልካም ሐሳብ የተፀነሱ፣ በብልሃት የተሠሩና ብዙ ሰዎችን የጠቀሙ ናቸው። ሆኖም የአንዱ ታሪክ በዝግታና በተደጋጋሚ እርማት ሲጓዝ፣ የሌላው ታሪክ በፍጥነት ተስፋፍቶ ከፍርድ ቤትና ከሕዝብ ምርመራ ደጃፍ ደርሷል። ልዩነቱ የመጣው ከምን እንደሆነ መመርመር በሙያው ላይ ላለን ሁሉ ይጠቅማል። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገነዘብልን።

የችግሩ ጠባይና የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች

ጤነኛው የሽንት መቋጠሪያ ጡንቻ ሁለት ተቃራኒ ሥራዎችን ያከናውናል። በቀን ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የሽንት ቧንቧውን ዘግቶ ይይዛል፤ በባለቤቱ ፈቃድ ደግሞ ለጥቂት ጊዜ ይከፍታል። ሲዘጋም ቢሆን የቧንቧውን ሥጋ ደም እስኪያጣ ድረስ አያንቀውም። ሰው ሠራሽ መሣሪያን ያስቸገረው ይህ ሦስተኛው ጠባይ ነው። ከውጭ ሆኖ ቧንቧውን የሚጫን ማናቸውም ነገር ግፊቱ ካነሰ ሽንት ያስመልጣል፤ ከበዛ ደግሞ ደም ወደ ሥጋው እንዳይደርስ ስለሚከለክል ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ቧንቧውን በልቶ ወደ ውስጥ ይገባል። የመሣሪያዎቹ ታሪክ በአብዛኛው በእነዚህ በሁለቱ አደጋዎች መካከል ያለችውን ጠባብ መንገድ የመፈለግ ታሪክ ነው።

በዚህ መንገድ ላይ ቀድመው ከታዩት አንዱ አሜሪካዊው ፍሬደሪክ ፎሌይ ነበር። ስሙ በየሆስፒታሉ በየቀኑ የሚጠራው ጫፉ ላይ ተነፊ ኳስ ባለው ካቴተር ምክንያት ነው። ይኸው ሰው በ1947 ባሳተመው ጽሑፍ ሰው ሠራሽ መቋጠሪያ አቀረበ። አሠራሩም የሽንት ቧንቧውን አንድ ክፍል ከአካባቢው ለይቶ በቆዳ ከሸፈነ በኋላ በዙሪያው ተነፊ ቀለበት ማድረግና ቀለበቱን በቀጭን ጎማ ታማሚው በኪሱ ከሚይዘው ፓምፕ ጋር ማገናኘት ነበር። መሣሪያው ከገላ ውጭ የሚውል ስለሆነ ለመልበስም ለመሸሸግም አስቸጋሪ ነበር፤ በሰፊውም አልተሠራበትም። ይሁን እንጂ በፈሳሽ ወይም በአየር የሚነፋ፣ ሲፈለግም የሚሟሽሽ ቀለበት የሚለው ሐሳብ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ በሙያው ውስጥ ቀረ።

ከዚህ በኋላ የመጡት ሙከራዎች መሣሪያውን ጨርሶ ወደ ገላ ውስጥ ለማስገባት የተደረጉ ናቸው። በ1961 ጆን ቤሪ የተባለ ሐኪም ከአክሪሊክ የተሠራ ጠንካራ ድጋፍ በወንዶች መቀመጫ አካባቢ ከቧንቧው ሥር እየተከለ ከታች ወደ ላይ እንዲጫን አደረገ። በሎስ አንጀለስ የሚሠራው ጆሴፍ ካውፍማን ደግሞ በ1970ዎቹ መጀመሪያ በመጀመሪያ የታማሚውን የራሱን ሥጋ በቧንቧው ላይ በማቋለፍ፣ ቀጥሎም በ1973 በሲሊኮን ዝልግልግ የተሞላ ትራስ በመትከል ተመሳሳይ ውጤት ለማግኘት ሞከረ። እነዚህ ዘዴዎች ሁሉ አንድ የጋራ ጉድለት ነበረባቸው። ግፊታቸው ቀንም ሌሊትም አንድ ዓይነት ስለሆነ መዝጋት እንጂ መክፈት አያውቁም ነበር፤ ከቦታ መንሸራተትና የቧንቧው መበላትም ተከታትለው ታዩ።

የ1972 ሁለት መልሶች

በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ሁለት ነገሮች ሁኔታውን ለወጡት። አንደኛው ሲሊኮን ነው። በ1956 ጆን ሆልተር የተባለ የእጅ ሙያ ዐዋቂ በአንጎሉ ውስጥ ፈሳሽ ለተጠራቀመበት ልጁ ሲል ከሲሊኮን የተሠራ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ቫልቭ ሠርቶ ነበር። ይህም ሲሊኮን በገላ ውስጥ ለዓመታት ተቀምጦ ፈሳሽ ሊያመላልስ እንደሚችል አሳየ። ሁለተኛው ነገር ከመጀመሪያው የተወለደ ነው። የጀርባ አጥንታቸው ሳይገጥም የሚወለዱ፣ በሕክምና አጠራር ስፓይና ቢፊዳ ያለባቸው ሕፃናት ከእንዲህ ያለው ቫልቭ የተነሣ በሕይወት መቆየት ጀመሩ። ካደጉ በኋላ ግን ወደ ፊኛቸው የሚሄዱት ነርቮች የተጎዱ ስለሆኑ ሽንታቸውን መቋጠር አልቻሉም። ሕይወታቸውን ያተረፈው ሕክምና አዲስ ጥያቄ ይዞ መጣ።

ለዚህ ጥያቄ በ1972 ሁለት መልሶች በአሜሪካ ተገኙ። አንዱ እጅግ ቀላል ነበር። በሚቺገን ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረው ጃክ ላፒደስ ከባልደረቦቹ ጋር ባሳተመው ጽሑፍ፣ ታማሚው በየተወሰነው ሰዓት ራሱ በንጹሕ እጁ ካቴተር እያስገባ ፊኛውን ባዶ ቢያደርግ ኩላሊቱም ፊኛውም እንደሚጠበቁለት አስረዳ። ካቴተሩ ከጀርም ፍጹም የነጻ መሆን እንደማያስፈልገው፣ ዋናው ነገር ፊኛው ከመጠን በላይ እንዳይወጠር ማድረግ መሆኑን መግለጹ በዚያን ጊዜ ብዙዎችን አስደነገጠ። ዛሬ ግን በመላው ዓለም ተቀባይነት ያለው ሕክምና ነው፤ የሚጠይቀውም አንድ ቀጭን ቧንቧና የታማሚውን ትጋት ብቻ ነው።

ሁለተኛው መልስ የሦስት ሰዎች ሥራ ነው። በሂዩስተን ከተማ በቤይለር የሕክምና ኮሌጅ የነበረው የሽንት አካላት ቀዶ ሐኪም ብራንትሊ ስኮት፣ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የነርቭ ሐኪም ከነበረው ዊልያም ብራድሌይና ከመሐንዲሱ ጄራልድ ቲም ጋር ሆኖ ሙሉ በሙሉ በገላ ውስጥ የሚተከል፣ በፈሳሽ ግፊት የሚሠራ መቋጠሪያ በ1972 ለመጀመሪያ ጊዜ ተከለ። ሥራቸውም በ1973 ታተመ። መሣሪያውን ለመሥራት በሚኒሶታ የተቋቋመው ኩባንያ አሜሪካን ሜዲካል ሲስተምስ ይባል ነበር፤ የመጀመሪያው ሞዴልም 721 የሚል ቁጥር ተሰጠው።

ሞዴል 721 በቧንቧው ዙሪያ የሚጠመጠም ቀለበት፣ ፈሳሽ የሚያስቀምጥ ከረጢትና ሁለት ፓምፖች ነበሩት። አንዱ ፓምፕ ቀለበቱን ለመንፋት፣ ሌላው ለማሟሸሽ ያገለግል ነበር። የፈሳሹን አቅጣጫና የግፊቱን ልክ የሚወስኑት ደግሞ በየመካከሉ የገቡ ትናንሽ ቫልቮች ነበሩ። በዚህ ዘዴ ታማሚው ለመጀመሪያ ጊዜ በፈቃዱ የሚዘጋና የሚከፈት መቋጠሪያ በገላው ውስጥ አገኘ። ይሁን እንጂ የመሣሪያው ክፍሎች ብዛት ራሱ የድክመቱ ምንጭ ነበር፤ አንዱ ቫልቭ ሲበላሽ መላው መሣሪያ ሥራ ያቆማልና።

እነዚህን ሁለት መልሶች እንደ ተቀናቃኝ መመልከት አይገባም። የላፒደስ ዘዴ ፊኛውን ባዶ ለማድረግ፣ የስኮት መሣሪያ ደግሞ መያዝ ያልቻለውን ለማስያዝ የተፈጠሩ ናቸው፤ በብዙ ታማሚዎችም ላይ ሁለቱ አብረው ይሠራሉ። ከጊዜ በኋላ የተገኘው ትምህርት እንደሚያሳየው በነርቭ ጉዳት የተነሣ ፊኛው ጠንክሮ በውስጡ ግፊት ለሚያዳብር ሰው መውጫውን ብቻ አጥብቆ መዝጋት ሽንቱ ወደ ላይ ተመልሶ ኩላሊትን እንዲጎዳ ያደርጋል። ስለዚህ የፊኛውን ጠባይ ሳይመረምሩ መሣሪያ መትከል ልብሱን አድርቆ ኩላሊቱን ማጣት ይሆናል።

ከሞዴል 721 እስከ ሞዴል 800

ከዚህ ቀጥሎ ያለው የዐሥር ዓመት ታሪክ ብዙም የማይነገርለት ቢሆንም፣ በጽሑፋችን ሐሳብ ትልቁን ቦታ ሊይዝ የሚገባው እርሱ ነው። ስኮትና ባልደረቦቹ መሣሪያው የተበላሸባቸውን ታማሚዎች እየከፈቱ ብልሽቱ በየትኛው ክፍል ላይ እንደደረሰ መዘገቡ። መዝገቡንም ይዘው መሣሪያውን እንደገና ሠሩት።

የመጀመሪያው እርማት የግፊት ልክን ይመለከታል። በ1970ዎቹ አጋማሽ የወጡት ሞዴሎች ግፊቱን በቫልቭ ከመወሰን ይልቅ ግድግዳው በታወቀ መጠን በሚለጠጥ የሲሊኮን ከረጢት እንዲወሰን አደረጉ። ከረጢቱ በሆድ ውስጥ ከፊኛው አጠገብ ይቀመጣል፤ ግድግዳው ሲለጠጥ የሚፈጥረው ግፊት ወደ ቀለበቱ ይተላለፋል። ዛሬ በብዛት የሚመረጠው ከረጢት ከ61 እስከ 70 ሴንቲ ሜትር ውኃ የሚደርስ ግፊት የሚሰጥ ነው። ይህም ሽንትን ለመያዝ የሚበቃ፣ የቧንቧውን ሥጋ ግን ደም የማይነሳ ተብሎ የተመረጠ ልክ ነው። ሁለተኛው እርማት የቁጥር ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ ሁለቱ ፓምፖች ወደ አንድ ተጠቃለሉ፤ ታማሚው መክፈቱን ብቻ ይፈጽማል፤ መዝጋቱ ግን ፈሳሹ በጠባብ መተላለፊያ በኩል ቀስ ብሎ ወደ ቀለበቱ ሲመለስ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ በራሱ ይሆናል።

ሦስተኛው እርማት የመጣው ከመሐንዲስ ሳይሆን ከቁስል ጠባይ ነው። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባሉት ሳምንታት የቧንቧው ሥጋ ያበጠና ደሙ የተዳከመ ስለሆነ ወዲያው ቢታነቅ በቀላሉ ይበላል። የማዮ ክሊኒኩ ዊልያም ፈርሎው በ1981 ባሳተመው ጽሑፍ መሣሪያውን ተክሎ ለተወሰነ ጊዜ ሥራ ሳያስጀምሩ መቆየት የሚሰጠውን ጥቅም አሳየ። ነገር ግን በዚያን ጊዜ በነበረው ሞዴል ይህን ለማድረግ ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ያስፈልግ ነበር። በ1980ዎቹ መጀመሪያ የወጣው ሞዴል 800 ይህን በአንዲት ቁልፍ ፈታው። ፓምፑ በወንድ በቆለጥ ከረጢት፣ በሴት በብልት ከንፈር ውስጥ ይቀመጣል፤ በጎኑ ያለችውን ቁልፍ ከቆዳው ላይ በጣት በመጫን ቀለበቱ እንደተከፈተ እንዲቆይ ማድረግ ይቻላል። ስለዚህ ሐኪሙ መሣሪያውን ክፍት አድርጎ ይተክላል፤ ስድስት ሳምንት ገደማ ቆይቶም ያለ ቢላዋ ሥራ ያስጀምረዋል።

በ1987 ደግሞ የቀለበቱ ጀርባ እንዲጠብ ተደርጎ ግፊቱ በቧንቧው ላይ በትክክል እንዲያርፍ ሆነ። የዚህ ለውጥ ውጤት ከማዮ ክሊኒክ በ1998 በታተመ ጥናት ተመዝግቧል። ጥናቱ 323 ታማሚዎችን የተከታተለ ሲሆን፣ በመሣሪያው መበላሸት ምክንያት የደረሰው ውድቀት ከለውጡ በፊት 21 ከመቶ የነበረው ወደ 7.6 ከመቶ፣ በሥጋው መሳሳት፣ መበላትና መመርቀዝ ምክንያት የደረሰው ደግሞ ከ17 ወደ 9 ከመቶ ዝቅ ማለቱን አሳይቷል። እነዚህ ቁጥሮች ሊገኙ የቻሉት የመጀመሪያዎቹ ታማሚዎች ስላልጠፉና ውድቀታቸውም እንደ ውድቀት ስለተጻፈ ነው።

በዚሁ ዘመን የመሣሪያው ተጠቃሚዎች ተለወጡ። ፓትሪክ ዎልሽ በ1982 ነርቭን የሚጠብቅ አሠራር ካስተዋወቀ ወዲህ ለካንሰር ሲባል የፕሮስቴት ዕጢን ሙሉ በሙሉ ማውጣት እየተስፋፋ ሄደ፤ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሽንታቸውን መቋጠር ያቃታቸው ወንዶችም የመሣሪያው ዋና ተጠቃሚዎች ሆኑ። ሞዴል 800 በ2008 ገደማ ጀርም በሚከላከል መድኃኒት ከመለበጡ በስተቀር መሠረታዊ አሠራሩ ከ1980ዎቹ ወዲህ ብዙም አልተለወጠም። ኩባንያው በ2015 በሌላ ኩባንያ እጅ ሲገባም መሣሪያው ስሙን እንደያዘ ቀጠለ።

እዚህ ላይ የማንኛውንም የአስቸኳይ ክፍል ሐኪምና ነርስ የሚመለከት አንድ ማስጠንቀቂያ ሳይነሣ ሊታለፍ አይገባም። ይህ መሣሪያ ያለበት ሰው በአደጋ ወይም በሌላ ሕመም ተይዞ ሲመጣ፣ ቀለበቱ ሳይከፈትና በቁልፉ ሳይያዝ ካቴተር ቢገባለት ቧንቧው በቀለበቱና በካቴተሩ መካከል ተጨፍልቆ ሊበላ ይችላል። ስለዚህ ወንድ ታማሚ ሽንት አልወጣልህ ሲለው የቆለጡን ከረጢት ዳስሶ ፓምፕ መኖር አለመኖሩን መመርመር፣ በውጭ አገር ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት እንደሆነ መጠየቅና በቦርሳው ውስጥ የመሣሪያ ካርድ ይዞ እንደሆነ ማየት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

የመቀነቱ ታሪክ

በሴቶች ዘንድ በሳል፣ በሣቅና ዕቃ በማንሣት ጊዜ ለሚያመልጥ ሽንት የተመረጠው መንገድ የተለየ ነበር። ከ1910 ጀምሮ የአውሮፓ ሐኪሞች ከታማሚዋ ከራሷ ጡንቻ፣ በ1942 ደግሞ አሜሪካዊው አልድሪጅ ከሆድ ጡንቻ ሽፋን መቀነት እየቆረጡ ከቧንቧው ሥር በማሳለፍ ድጋፍ ይሰጡ ነበር። የገላን ሥጋ መቁረጥ ሰፊ ቁስል ስለሚጠይቅ በ1960ዎቹ ሰው ሠራሽ ጨርቅ በምትኩ መሞከር ተጀመረ፤ ይሁን እንጂ የመበላትና የመመርቀዝ አደጋው ብዙዎችን አስፈራ።

ሁኔታውን የለወጠው በስዊድን የኡፕሳላው ኡልፍ ኡልምስተን ከአውስትራሊያዊው ፒተር ፔትሮስ ጋር ያደረገው ምርምር ነው። በ1990 ያቀረቡት ንድፈ ሐሳብ ድጋፍ የሚያስፈልገው የፊኛው አንገት ሳይሆን የቧንቧው መካከል መሆኑን ይናገራል። በ1996 ኡልምስተንና ባልደረቦቹ ከፖሊፕሮፒሊን ክር የተሠራ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው የመረብ ጥብጣብ በቦታ ማደንዘዣ ብቻ ከቧንቧው መካከል ሥር ሳይወጥሩ የማሳለፍን ዘዴ አሳተሙ። ከ75 ሴቶች ውስጥ 84 ከመቶው በሁለት ዓመት ክትትል ሙሉ በሙሉ ድነው ተገኙ። ታማሚዋ በቀዶ ሕክምናው ጠረጴዛ ላይ እንዳለች እንድትስል እየተደረገ የጥብጣቡ ልክ ይስተካከል ነበር፤ ብዙዎቹም ፈጥነው ወደ ቤታቸው ይመለሱ ነበር። በ2002 በብሪታንያና በአየርላንድ 14 ሆስፒታሎች 344 ሴቶች የተካፈሉበት ጥናትም አዲሱ ዘዴ ከቀድሞው ትልቅ ቀዶ ሕክምና ያላነሰ ውጤት እንዳለው አረጋገጠ።

ስለዚህ ችግሩ ዘዴው ባዶ ስለነበረ አልመጣም። ችግሩ የመጣው ከስርጭቱ መንገድ ነው። በአሜሪካ በ1976 በወጣው ሕግ መሠረት አንድ አዲስ መሣሪያ ቀድሞ በገበያ ላይ ካለ መሣሪያ ጋር በበቂ መጠን መመሳሰሉ ከታየ በታማሚዎች ላይ አዲስ ጥናት ሳይደረግበት ሊሸጥ ይችላል። የስዊድኑ ጥብጣብ በ1998 የአሜሪካን ገበያ ሲገባ በምሳሌነት የተጠቀሰለት ፕሮቴጅን የተባለ ሌላ መቀነት ነበር። ይኸው ፕሮቴጅን ግን ባስከተለው ጉዳት ምክንያት በ1999 ከገበያ ወጣ። ምሳሌው ከወደቀ በኋላም እርሱን ተከትለው የገቡት በገበያ ላይ ቀሩ። በ2001 በጭን በኩል የሚያልፍ ሌላ ዓይነት መቀነት መጣ። ከዚህም አልፎ የመረቡ ጨርቅ ሰፋ እየተደረገ ለማሕፀንና ለፊኛ መንሸራተት እንዲውል ሆነ፤ ይህ ደግሞ በጠባቡ ጥብጣብ ላይ ከተደረገው ጥናት ጋር ሊነጻጸር የሚችል ማስረጃ አልነበረውም።

የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2008 የመጀመሪያውን፣ በ2011 ጠንከር ያለውን ማስጠንቀቂያ አወጣ፤ በ2019ም በሴት ብልት በኩል ለመንሸራተት የሚተከለው መረብ ሽያጩ እንዲቆም አዘዘ። ለሽንት ማምለጥ የሚውለው ጠባብ ጥብጣብ በዚህ ትእዛዝ አልተጠቃለለም። ስኮትላንድ በ2014፣ እንግሊዝ በ2018 ሁለቱንም ዓይነት በይደር አቆሙ። በብሪታንያ በባሮነስ ከምበርሌጅ የተመራው ምርመራ በ2020 ባወጣው ዘገባ ከሁሉ አብልጦ የወቀሰው የሴቶቹ ቅሬታ ለዓመታት ሳይሰማ መቆየቱን ነው። በጭናቸውና በዳሌያቸው ሕመም ሲሰማቸው፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ጊዜ ሲሠቃዩ፣ ሕመሙ ከመሣሪያው ጋር ግንኙነት የለውም እየተባሉ ተመልሰዋል። ስንት ሴቶች መረቡ እንደተተከለላቸው እንኳ በትክክል የሚናገር መዝገብ በአገሩ አልነበረም።

የመረቡ ባሕርይ ራሱ እዚህ ላይ ትልቅ ቦታ አለው። የሲሊኮን ቀለበት በገላ ውስጥ ቢኖርም ሥጋው በዙሪያው ሽፋን ይሠራለታል እንጂ ወደ ውስጡ አይገባም፤ ስለዚህ ሲያስፈልግ ተከፍቶ ይወጣል፤ ሌላም ይተካል። መረቡ ግን የሚሠራው ሥጋ በቀዳዳዎቹ ውስጥ በቅሎ ሲይዘው ነው። ጥንካሬው የመጣበት ይኸው ነገር ሲታመም ለማውጣት የሚያስቸግር ያደርገዋል። ማስገቢያው ግማሽ ሰዓት የፈጀ መቀነት መውጫው ልዩ ቡድንና ሰፊ ቀዶ ሕክምና ሲጠይቅ ታይቷል።

ይህም ሆኖ ሚዛኑን መጠበቅ ያስፈልጋል። በ2013 በሰሜን አውሮፓ የታተመ ጥናት ከመጀመሪያዎቹ 90 ሴቶች መካከል ከ17 ዓመት በኋላ ከተመረመሩት ከ90 ከመቶ በላይ የሚሆኑት ሽንታቸውን እንደቋጠሩ አግኝቷቸዋል፤ ከ90ዎቹ ሁሉም ሊመረመሩ አለመቻላቸውን ግን አንባቢ ልብ ሊለው ይገባል። ስዊድን ከ1997፣ ኖርዌይ ከ1998 ጀምሮ እንዲህ ያለው ቀዶ ሕክምና የሚመዘገብበት ብሔራዊ መዝገብ አቋቁመዋል። እነዚህ አገሮች ስለ ራሳቸው ታማሚዎች በቁጥር ሊናገሩ የቻሉት ለዚህ ነው።

በአገራችን ያለው ገጽታ

በአገራችን ይህ ጉዳይ የሚነሣው ከሁሉ በፊት በፊስቱላ ረገድ ነው። ሬጂናልድና ካትሪን ሐምሊን በ1959 ወደ ልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል መጥተው ሥራ ከጀመሩና በ1974 የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታልን ካቋቋሙ ወዲህ በረጅም ምጥ የተቀደደውን ፊኛ የመስፋት ጥበብ ከዚህ አገር ወደ ሌሎች ተስፋፍቷል። ይሁን እንጂ ቀዳዳው ከተዘጋ በኋላ እንኳ ሽንታቸው የሚያመልጥ ሴቶች አሉ። የልጁ ጭንቅላት ለቀናት የተጫነው ፊኛውን ብቻ ሳይሆን መቋጠሪያ ጡንቻውንና ቧንቧውን ጭምር ስለሆነ፣ ስፌቱ ፍጹም ቢሆንም የሚዘጋ ጡንቻ ላይኖር ይችላል። ቀዳዳዋ ተደፍኖ ልብሷ ያልደረቀ ሴት ተፈወስሽ ስትባል የሚሰማትን መገመት አያዳግትም።

ለእነዚህ ሴቶች የውጭውን ጥብጣብ ማስገባት ቀላል መስሎ ቢታይም፣ ጠባሳ በበዛበትና ደሙ በተዳከመ ሥጋ ውስጥ ሰው ሠራሽ ጨርቅ የመበላት አደጋው ከፍ ያለ ነው። በፈሳሽ የሚሠራው መቋጠሪያም ዋጋው ውድ፣ ጥገናውም የማይቀር ስለሆነ ከገጠር ለመጣች ሴት ተክሎ መሸኘት አይቻልም። በአዲስ አበባና በባሕር ዳር የሠራው አንድሩ ብራውኒንግ በ2004 ያሳተመው ዘዴ ከዚህ አስተሳሰብ የተነሣ ነው። ፊስቱላው በሚሰፋበት በዚያው ሰዓት ከሴትዮዋ ከራሷ ከተረፈው የጡንቻና የሥጋ ክፍል መቀነት ሠርቶ ከቧንቧው ሥር ማሳለፍ ነው። ጁዲት ጎና ብራውኒንግ በ2005 የገለጹት ሌላ መንገድ ደግሞ ታማሚዋ በራሷ እጅ የምታስገባውና የምታወጣው ትንሽ መሰኪያ ነው። መሰኪያው የሚተከል ነገር አይደለም፤ ፍጹም ፈውስም አይሰጥም። ነገር ግን በማናቸውም ሰዓት ልታወጣው ትችላለች። ምንም ዘዴ ለማይበጃቸው ሴቶች ደግሞ ደስታ መንደር ተቋቁሞላቸዋል።

የምርጫ መለኪያ

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ሰው ሠራሽ መቋጠሪያ ጥሩ፣ መቀነት መጥፎ ነው የሚል አይደለም። ሁለቱም በትክክለኛው ታማሚ ላይ፣ በሠለጠነ እጅ ሲተከሉ የሰውን ሕይወት መልሰዋል። ልዩነቱ አንዱ ብልሽቱን እየቆጠረ ሲያድግ፣ ሌላው ገና ሳይቆጠር መብዛቱ ነው። ሞዴል 800 ለመድረስ ዐሥር ዓመት የፈጀው መዘግየት በዚያን ጊዜ ድክመት መስሎ ታይቶ ሊሆን ይችላል፤ ዛሬ ስንመለከተው ግን የመሣሪያው ዋና ጥንካሬ እርሱ ነበር።

ወደ አገራችን የሚገቡ በገላ ውስጥ የሚተከሉ መሣሪያዎች ቁጥር በሽንት ሕክምና ብቻ ሳይሆን በአጥንት፣ በልብና በዓይን ሕክምናም ከዓመት ወደ ዓመት መጨመሩ የማይቀር ነው። ስለሆነም አንድ መሣሪያ ሲቀርብልን የመጀመሪያው ጥያቄያችን ከመቶ ስንቱን ያድናል የሚለው ብቻ መሆን የለበትም። ሲበላሽ ሊዘጋ ወይም ሊወጣ ይችላልን? የሚያወጣው ሐኪም በአገሩ አለን? ታማሚው ከአምስት ዓመት በኋላ ቢመለስ የተተከለለት ዓይነትና ቁጥሩ በማን መዝገብ ይገኛል? ለእነዚህ መልስ ከሌለን መሣሪያውን የሚሸከመው ታማሚው ብቻውን ነው።

ይህን ለመጀመር ትልቅ ገንዘብ አያስፈልግም። እያንዳንዱ ቀዶ ክፍል የሚተክለውን መሣሪያ ዓይነት፣ የፋብሪካ ቁጥርና ቀን በአንድ ቋሚ መዝገብ ቢያሰፍርና ለታማሚውም በአማርኛና በአካባቢው ቋንቋ የተጻፈ ካርድ ቢሰጥ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ስለ ራሳችን ታማሚዎች በራሳችን ቁጥር መናገር እንችላለን። ማኅበራችን የመዝገቡን ቅጽ አንድ ዓይነት አድርጎ ለአባላቱ ቢያድል፣ የውድቀቱም ቁጥር በየዓመቱ ስብሰባ ላይ እንደ ስኬቱ ሁሉ ሳይሸሸግ ቢቀርብ፣ ሌሎች አገሮች በፍርድ ቤት የተማሩትን እኛ በጉባኤ ልንማረው እንችላለን።